ትምህርትና ሥራ በልዩ ልዩ አገሮች

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

«የተማረ ይግደለኝ» የሚለው አነጋገር አባቶቻችን ለትምህርት የነበራቸውን ታላቅ ክብር ይገልጻል። ይህ እምነት ዛሬም በየቤቱ ሕያው ነው። አባት በሬውን ሽጦ፥ እናት ከመሶቧ ቀንሳ ልጃቸውን ወደ ትምህርት ቤት የሚልኩት፥ የተማረ ሰው ሥራ አያጣም በሚል ተስፋ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ተስፋ በየአገሩ እኩል አልተፈጸመም። በአንዱ አገር ወጣቱ ገና ትምህርቱን ሳይጨርስ ቀጣሪ ሲፈልገው፥ በሌላው አገር ከዚያ የበለጠ ማዕርግ ያለው ወጣት ማመልከቻውን ይዞ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ሲዞር ዓመታት ያልፉበታል። የዚህ ልዩነት ምክንያት ምን እንደ ሆነና እኛ ከዚህ ምን እንደምንማር በዛሬው ንግግራችን እንመረምራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

አገሮችን በትምህርት ለማነጻጸር በመጀመሪያ አንድ የጋራ መስፈሪያ ያስፈልጋል። የገበያው ቁና ካልተስተካከለ ሻጭና ገዢ እንደማይስማሙ ሁሉ፥ የአንዱ አገር ሁለተኛ ደረጃ ከሌላው አገር ሁለተኛ ደረጃ ጋር ካልተመዛዘነ ንጽጽሩ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት፥ ማለት ዩኔስኮ፥ በ1970ዎቹ ዓመታት ዓለም አቀፍ የትምህርት ደረጃዎች መደልደያ አዘጋጀ። ይኸው መደልደያ በ1997 እና በ2011 ተሻሽሏል። በአሁኑ መልኩ ከዜሮ እስከ ስምንት የሚቈጠሩ ዘጠኝ ደረጃዎች አሉት። ዜሮ የሕፃናቱን ትምህርት፥ ስምንት ደግሞ የዶክተርነትን ማዕርግ ያመለክታል።

በዚህ መስፈሪያ ተጠቅሞ፥ መቀመጫውን በፓሪስ ያደረገው የኤኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ከ1992 ጀምሮ የአገሮችን ትምህርት የሚያነጻጽር መጽሐፍ በተከታታይ ሲያወጣ ቈይቷል። ዛሬ 38 አባል አገሮች ያሉት ይህ ድርጅት የሚያቀርበው ሥዕል በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። ከ25 እስከ 34 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች መካከል በ2000 የከፍተኛ ትምህርት የጨረሱት በአማካይ ከመቶ 27 ነበሩ፤ በ2024 ግን ከመቶ 48 ደርሰዋል። ወደ ሥራው ስንመለስ ደግሞ፥ በዚሁ ዕድሜ ካሉት መካከል ሁለተኛ ደረጃን ካልጨረሱት ከመቶ 61 ያህሉ፥ ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሱት ከመቶ 79 ያህሉ፥ ከፍተኛ ትምህርት ከጨረሱት ደግሞ ከመቶ 87 ያህሉ ሥራ አላቸው። በእነዚህ አገሮች ትምህርት በጨመረ ቍጥር ሥራ የማግኘት ዕድልም ይጨምራል ማለት ነው።

ይህን ሰንጠረዥ ብቻ የተመለከተ ሰው ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ድርጅቱ ከሚያነጻጽራቸው አገሮች የሚበዙት ባለጸጎች ናቸው። ከእነርሱ ወጥተን ወደ ሕንድ ብንሄድ የተገላቢጦሹን እናገኛለን። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ከአንድ የሕንድ የጥናት ተቋም ጋር በ2024 ባወጣው መግለጫ መሠረት፥ በ2022 ከሕንድ ወጣቶች መካከል ማንበብና መጻፍ ከማይችሉት ሥራ ያጡት ከመቶ 3.4 ብቻ ሲሆኑ፥ ዩኒቨርሲቲ ከጨረሱት መካከል ግን ሥራ አጦቹ ከመቶ 29.1 ነበሩ። እንግዲህ በዚህ አገር ትምህርት ሥራን ያሳጣል እንበልን? ፍርድ ከመስጠታችን በፊት «ሥራ አጥ» የሚለው ቃል በቈጣሪዎቹ ዘንድ ምን ትርጉም እንዳለው መረዳት ይገባናል።

በጄኔቭ የሚገኘው ይኸው የሥራ ድርጅት በ1982 በወሰነው ትርጉም መሠረት፥ ሥራ አጥ የሚባለው ሦስት ነገሮች የተሟሉበት ሰው ነው። ሥራ የሌለው፥ ሥራ ቢያገኝ ለመሥራት የተዘጋጀ፥ ደግሞም ሥራን በመፈለግ ላይ ያለ መሆን አለበት። በቈጠራው ሳምንት አንዲት ሰዓት እንኳ ለገቢ የሠራ ሰው ከሥራ አጦች አይቈጠርም። እንግዲህ ድኻው ወጣት የሚረዳው ስለሌለ፥ ሥራ አጥ ሆኖ ለመቀመጥ አቅም የለውም፤ ሸክም ይሸከማል፥ ጫማ ይጠርጋል፥ በየመንገዱ ትንሽ ሸቀጥ ይዞ ይዞራል። በቈጠራው መዝገብ ላይ «ሥራ ያለው» ተብሎ ይጻፋል፤ ኑሮው ግን ከእጅ ወደ አፍ ነው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው ወጣት ግን ቤተሰቡ እየደገፈው ለማዕርጉ የሚስማማ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ ይጠብቃል፤ ስለዚህ በሥራ አጦች ዓምድ ይገባል። በአገራችንም በ2021 በተደረገው የሠራተኛ ኀይል ጥናት የሥራ አጥነት መጠን በአገር ደረጃ ከመቶ 8 ሲሆን፥ በከተማ ግን ከመቶ 18.7 ነበር። ይህ ልዩነት ገጠሬው ከከተሜው ይልቅ በምቾት ይኖራል ማለት እንዳልሆነ ማንም ያውቀዋል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የምስክር ወረቀትን የሚመለከት ነው። ሰንጠረዦቹ የሚቈጥሩት ሰው የጨረሰውን የትምህርት ደረጃ እንጂ የያዘውን ዕውቀት አይደለም። የፓሪሱ ድርጅት ይህን ጉድለት ተመልክቶ የጐልማሶችን የማንበብና የማስላት ችሎታ በቀጥታ ፈተነ። ውጤቱ በ2013 በታተመ ጊዜ፥ ሁለተኛ ደረጃን ብቻ የጨረሱ የጃፓንና የሆላንድ ወጣቶች ዩኒቨርሲቲ ከጨረሱት የኢጣሊያና የስፔን ወጣቶች በንባብ ችሎታ በልጠው ተገኙ። በሰንጠረዡ ላይ ዝቅ ብሎ የተጻፈው በችሎታው ከፍ አለ ማለት ነው። በአገራችንም በ2023 ለዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች በጠቅላላ የመውጫ ፈተና መሰጠት ሲጀምር፥ ከተፈተኑት ከግማሽ የሚያንሱት አለፉ። የትምህርት ዘመን መቈጠሩና ትምህርት መቅሰሙ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

እነዚህን ሁለት ጥንቃቄዎች ከያዝን በኋላ፥ ትምህርትንና ሥራን በተለያየ መንገድ ያገናኙ ሦስት አገሮችን እንመልከት። እነዚህም ግብፅ፥ ደቡብ ኮሪያና ጀርመን ናቸው።

በ1961 የአፍሪካ መንግሥታት እንደራሴዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው፥ እስከ 1980 ድረስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለአፍሪካ ሕፃናት ሁሉ እንዲዳረስ ዐቅደው ነበር። ዘመኑ የታላቅ ተስፋ ዘመን ነበር። ግብፅም በዚያው ዘመን ታላቅ ርምጃ ወሰደች። በ1962 የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በነፃ እንዲሆን ተደረገ፤ በ1964 ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ሁሉ የመንግሥት ሥራ እንዲሰጠው በሕግ ተረጋገጠለት። መብቱም የቴክኒክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለጨረሱት ተዘረጋ። ለድኻው ልጅ ይህ ከሰማይ እንደ ወረደ መና ነበር። የገበሬው ልጅ ተምሮ መሐንዲስ፥ መምህርና ሐኪም ለመሆን በቃ።

ይሁን እንጂ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንደ ጐታ ወሰን አለው። የተመራቂው ቍጥር በየዓመቱ ሲያድግ የመሥሪያ ቤቱ በጀት በዚያው ልክ ሊያድግ አልቻለም። ስለዚህ ቃል የተገባለት ወጣት ስሙን አስመዝግቦ ተራ ይጠብቅ ጀመር፤ በ1980ዎቹ ዓመታት የመጠበቂያው ጊዜ እየረዘመ ሄዶ ብዙ ዓመታት ወሰደ። ውሎ አድሮም ዋስትናው በተግባር ቀረ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የተራው ርዝመት አልነበረም። ዲፕሎማው የተራ ቍጥር ከሆነ ዘንድ፥ ተማሪው ምን እንደ ተማረ የሚጠይቀው አልነበረም፤ የወረቀቱ ስም ብቻ ይበቃ ነበር። ተማሪውም ሆነ ዩኒቨርሲቲው ለሥራው የሚጠቅመውን ዕውቀት ለመፈለግ የሚያስገድዳቸው ነገር ጠፋ።

ደቡብ ኮሪያ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው። በ1945 ከጃፓን አገዛዝ ነፃ ስትወጣ ከጐልማሶችዋ የሚበዙት ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። በ1951 የቃኘው ሻለቃ ጦር ወደዚያ በዘመተ ጊዜም አገሪቱ በጦርነት የፈረሰች ነበረች። ዛሬ ግን ከ25 እስከ 34 ዓመት ካሉት ኮሪያውያን ከመቶ 70 ያህሉ ከፍተኛ ትምህርት የጨረሱ ናቸው፤ በዚህም ከድርጅቱ አባል አገሮች ሁሉ የመጀመሪያዋ ናት። ፋብሪካዎችዋና ትምህርት ቤቶችዋ አብረው ስላደጉ፥ ትምህርቱ ለአገሪቱ ብልጽግና ታላቅ አገልግሎት መስጠቱ አይካድም።

ነገር ግን ሁሉም የዩኒቨርሲቲ ወረቀት በያዘ ጊዜ ወረቀቱ ብቻውን ማንንም ከማንም አይለይም። ስለዚህ ውድድሩ በጥቂት ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች በር ላይ ተከማቸ። በየዓመቱ በኅዳር ወር የመግቢያው ፈተና በሚሰጥበት ቀን ብዙ መሥሪያ ቤቶች መንገዱ ለተማሪዎች እንዲለቀቅ ዘግይተው ይከፈታሉ፤ የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ፈተና በሚሰጥበት ሰዓትም አውሮፕላኖች እንዳይነሡና እንዳያርፉ ይታገዳሉ። ወላጆች በ2024 ለልጆቻቸው የግል ማስጠኛ ያወጡት ገንዘብ 29.2 ትሪሊዮን ወን ደርሷል። ይህም ሁሉ ሆኖ፥ በኮሪያ ከፍተኛ ትምህርት ከጨረሱት መካከል ሥራ ያላቸው ሰዎች መጠን ከአባል አገሮቹ አማካይ ያንሳል። መንግሥቱም ይህን ተመልክቶ በ2010 ከጀርመን ምሳሌ በመውሰድ «ማይስተር» የተባሉ የሞያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ከፈተ። በዲፕሎማ ብዛት አንደኛ የሆነው አገር በዲፕሎማ ብዛት ከእርሱ ወደሚያንሰው አገር ለትምህርት ሄደ ማለት ነው።

ጀርመን ምን አላት? ከ25 እስከ 34 ዓመት ካሉት ጀርመናውያን ከፍተኛ ትምህርት የጨረሱት ከመቶ 40 አካባቢ ናቸው፤ ይህም ከአማካዩ በታች ነው። የወጣቶች ሥራ አጥነት ግን በአውሮፓ ውስጥ ከሁሉ ዝቅተኛ ከሆኑት አንዱ ነው። ምክንያቱ በ1969 በወጣው የሞያ ሥልጠና ሕግ የተደላደለው ድርብ ሥልጠና የሚባለው ሥርዓት ነው። ወጣቱ ከአንድ ድርጅት ጋር ውል ይዋዋላል፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን በሞያ ትምህርት ቤት ይማራል፥ የቀሩትን ቀናት በሥራው ቦታ ከባለሞያ ጋር ይሠራል፤ ለዚህም አበል ይከፈለዋል። ሥልጠናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ይቈያል። ይህን የመሰለ ሥልጠና የሚሰጥባቸው ሞያዎች ወደ 330 ይጠጋሉ፤ ከእነዚህም መካከል የባንክ ሥራ፥ የቢሮ አስተዳደርና የመጋዘን አያያዝ ይገኛሉ። በመጨረሻ የሚፈትነው የቀጣሪዎች፥ የሠራተኞችና የመምህራን እንደራሴዎች የተቀመጡበት ሸንጎ ስለሆነ፥ የምስክር ወረቀቱ ምን እንደሚያስችል ቀጣሪው አስቀድሞ ያውቃል።

ይህም ቢሆን ያለ ነቀፌታ አይደለም። በብዙዎቹ የጀርመን ክፍላተ አገር ልጆች ከአራተኛ ክፍል በኋላ በተለያየ ዓይነት ትምህርት ቤት ስለሚደለደሉ፥ የአባት ሀብትና ዕውቀት የልጁን ዕድል ገና በአሥር ዓመቱ ይወስናል እየተባለ ይነቀፋል። ደግሞም ብዙ አገሮችን አነጻጽሮ በ2017 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፥ የሞያ ትምህርት የተማሩ ሰዎች በወጣትነታቸው ፈጥነው ሥራ ቢያገኙም፥ ዕድሜያቸው ሲገፋና የሥራው ስልት ሲለወጥ ጠቅላላ ትምህርት ከተማሩት ይልቅ ከሥራ የመውጣት አደጋ ይገጥማቸዋል። ስለዚህ የጀርመንን ሥርዓት እንዳለ ገልብጦ መትከል መፍትሔ አይሆንም።

እንዲያውም ትምህርት ቤትን ብቻ በመለወጥ የሥራን ችግር ለማስወገድ መሞከር ምን እንደሚያስከትል የጋና ታሪክ ያስተምረናል። በቅኝ ግዛት ዘመን ትምህርቱ የቢሮ ጸሐፊ ብቻ ያወጣል እየተባለ፥ የእርሻና የእጅ ሥራ ትምህርት ቤቶች ደጋግመው ተከፍተው ነበር፤ ደጋግመውም ተማሪ አጡ። ፊሊፕ ፎስተር የተባለ ሊቅ በ1965 ባሳተመው ጥናት ምክንያቱን ገልጿል። ተማሪዎቹ የእጅ ሥራን የጠሉት በስንፍና ወይም በትዕቢት አልነበረም። ለጸሐፊው የሚከፈለው ደመወዝና የሚሰጠው ክብር ለአናጢው ከሚሰጠው እንደሚበልጥ በዓይናቸው አይተው፥ ያዩትን አስልተው ነው የመረጡት። ልጅ የሚከተለው የመምህሩን ምክር ሳይሆን የደመወዙን መዝገብ ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ ነገሩ ወደ እኛ፥ ወደ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይፈልጋል እንበል። ሥራው ደብዳቤ መቀበል፥ መመዝገብ፥ ፋይሉን በቦታው ማስቀመጥና በተፈለገ ጊዜ ሳይዘገዩ ማውጣት ነው። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ንቁ ሰው ይህን አሳምሮ ይሠራዋል። ነገር ግን ለአንድ ቦታ መቶ ሰው ያመለክታል። የቅጥር ክፍሉ ኀላፊ መቶውን ሰው ለመፈተን ጊዜ ስለሌለው ማስታወቂያው ላይ «አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ» የሚል ይጨምራል። በሚቀጥለው ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱት መቶ ይሆናሉ፤ ስለዚህ «ዲፕሎማ ያለው» ይላል። ከዚያም «የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው» ይላል። የፋይሉ ሥራ ግን ያው የዱሮው ነው። ኀላፊው ክፉ ነገር አላደረገም፤ ሥራውን ማቃለሉ ነው። ይህች አንዲት መስመር ግን በየትምህርት ቤቱ ትነበባለች። አባት ታናሹን ልጅ አራት ዓመት ጨምሮ ለማስተማር ይበደራል፤ ተማሪውም ዕውቀቱን ትቶ ፈተናውን ብቻ ለማለፍ ይሸመድዳል፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቀረው የድኻ ልጅ ደግሞ ሊሠራው ይችል የነበረው ሥራ ለዘላለም ይዘጋበታል።

ሮናልድ ዶር የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ እንግሊዝን፥ ጃፓንን፥ ስሪላንካንና ኬንያን አነጻጽሮ በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ነገር «የዲፕሎማ በሽታ» ብሎ ሰይሞታል። በእርሱ አስተያየት አንድ አገር ወደ ዘመናዊው ኤኮኖሚ ዘግይቶ በገባ መጠን በሽታው ይጸናበታል፤ ምክንያቱም መልካም ደመወዝ ያለው ሥራ በጥቂት መሥሪያ ቤቶች ብቻ ስለሚገኝና የእነርሱም በር በወረቀት ብቻ ስለሚከፈት ነው። ስሪላንካ፥ በዚያን ጊዜ ስሟ ሲሎን፥ የዚህን ዋጋ በመራራ ሁኔታ አይታዋለች። በሚያዝያ 1971 በመንግሥት ላይ ያመፁት አብዛኞቹ የተማሩ የገጠር ወጣቶች ነበሩ። በዚያው ዓመት የመጣው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ጓድም፥ ትምህርት ያሳደረው ተስፋና አገሪቱ ያላት ሥራ አለመመጣጠናቸውን ገልጿል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ትምህርትን መቀነስ ነውን? አይደለም። የትምህርት ጥቅም በደመወዝ ብቻ አይለካም። የተማረች እናት ልጆቿን ከበሽታ እንደምታድን፥ የተማረ ገበሬ አዲሱን ዘር ፈጥኖ እንደሚቀበል በብዙ አገሮች ታይቷል። የሚያስፈልገው የምስክር ወረቀቱ የሥራን በር የሚዘጋ ቍልፍ ሆኖ እንዳይቀር መጠበቅ ነው። ለዚህም ታላቅ ዐዋጅ እስኪወጣ የማይጠብቁ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፥ የክፍት ቦታ ማስታወቂያ የሚያዘጋጅ ሰው ከመጻፉ በፊት «ይህን ሥራ ዛሬ በመልካም የሚሠራው ባልደረባዬ ይህ ደረጃ አለውን?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ሁለተኛ፥ በተቻለ መጠን አመልካቹ በሥራው ይፈተን፤ ጸሐፊ ከሆነ ይጻፍ፥ ሒሳብ ያዥ ከሆነ ያስላ፥ ቧንቧ ሠሪ ከሆነ ቧንቧውን ይግጠም። ሦስተኛ፥ ከቴክኒክና ሞያ ተቋማት ለትብብር ሥልጠና የሚላኩ ወጣቶች ወደ መሥሪያ ቤታችን ሲመጡ፥ ሻይ አስመጪና ወረቀት አመላላሽ አድርገን ጊዜያቸውን አንጨርስባቸው፤ ሥራ የሚያሳያቸው አንድ ሰው እንመድብላቸው። የጀርመን ሥርዓት ምሥጢሩ ከግንቡና ከመሣሪያው ይልቅ ቀጣሪው ማስተማርን የራሱ ግዴታ አድርጎ መቀበሉ ነው።

የአገሮች ንጽጽር እንደ መስተዋት ነው፤ መልካችንን ያሳየናል እንጂ አያጥብልንም። በሰንጠረዡ ላይ ከመቶ ስንት እንደ ደረስን ማወቅ ይጠቅማል። ነገ በቅጥር ክፍሉ ደጃፍ ማመልከቻውን ይዞ ለሚቆመው ወጣት ግን፥ ከቍጥሩ ሁሉ ይልቅ የሚከብደው በማስታወቂያው ላይ የምንጽፈው መስመር ነው። ያን መስመር ስንጽፍ ሥራውንም ወጣቱንም አስበን እንጻፍ።